አድሚኑ የሚሠራው ለማን ነው? የኢንተርኔት ውይይት ጨዋነትና ቁጥጥር እንዴት እንደሚሠራ

ኢንተርኔት ላይ ሁለት ሰዎች ሲጨቃጨቁ ስናይ ጉዳዩ የሁለቱ ብቻ ይመስለናል። አንዱ ጻፈ፣ ሌላው መለሰ፣ ያኛው ተቆጣ፣ ይኸኛው ሰደበ፣ በመጨረሻ አድሚኑ ገብቶ «ይብቃችሁ» አለ። ከዚያ በኋላ የሚወራው ማን ቀድሞ ተሳደበ፣ አድሚኑስ ለማን አደላ የሚለው ነው። በዚህ ሁሉ መሀል ስማቸው የማይነሣ ሰዎች አሉ፤ ንትርኩን ከላይ እስከ ታች አንብበው አንድም ቃል ሳይጽፉ የወጡት።

እነዚህ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። በድረ ገጽ አጠቃቀም ጥናት የሚታወቀው ያኮብ ኒልሰን በ2006 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው ጽሑፍ፣ በአብዛኞቹ የኢንተርኔት ማኅበረሰቦች ከመቶ ሰው 90ው እያነበበ ዝም የሚል፣ 9ኙ አልፎ አልፎ የሚጽፍ፣ አንዱ ደግሞ አብዛኛውን ጽሑፍ የሚያመጣ እንደሆነ አስቀምጧል። ቁጥሩ ለግምት የሚረዳ ነው፤ በትንሽ የጓደኛሞች ግሩፕ ብዙው ሰው ይጽፋል፣ መቶ ሺህ ሰው ባለበት ቦታ ደግሞ ዝም የሚለው ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ያም ሆነ ይህ፣ በጩኸቱ ምክንያት የምናያቸው ሰዎች ከቤቱ ጥቂቶቹ ናቸው።

ንትርክ ሲበዛ የሚሆነው እንዲህ ነው። ጥያቄ ይዛ የመጣች ሴት ከእሷ በፊት የጠየቀው ሰው ሲዘለፍ ታይና ጥያቄዋን ሳትጽፍ ትወጣለች። መልሱን አሳምሮ የሚያውቅ ባለሙያ «ከነዚህ ጋር ማን ይነታረካል» ብሎ ያልፋል። ማንም አላባረራቸውም፣ መሄዳቸውንም ያወቀ የለም። ይህ ሲደጋገም ቦታው ላይ የሚቀሩት መሰዳደብ የማይከብዳቸው ብቻ ይሆናሉ፤ አዲስ የሚመጣውም የቤቱ ደንብ ይኸው ነው ብሎ ይለምደዋል። ስለዚህ የውይይት ጨዋነትም ሆነ የአድሚን ሥራ በደንብ የሚገባን ከዝምተኛው አንባቢ ቦታ ሆነን ስናየው ነው ብዬ አምናለሁ። አድሚን በተከራካሪዎች መሀል ማን እንዳሸነፈ እንዲፈርድ አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት ያ አንባቢ ነገ መጻፍ ቢፈልግ ሳይሳቀቅ የሚጽፍበትን ቦታ ማቆየት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ሐሳብ ዙሪያ የሚዞር ነው።

ጨዋ ሰው ኮሜንት ላይ ለምን ይለወጣል?

በአካል ሲያገኙት ትሑት የሆነ ሰው ስክሪን ፊት ሲቀመጥ ሌላ ሰው የሚሆንበት ምክንያት ለረጅም ጊዜ ተጠንቷል። የሥነ ልቦና ምሁሩ ጆን ሱለር በ2004 ባሳተመው ጥናት ስድስት ምክንያቶችን ዘርዝሯል። አንዳንዶቹ ለማንም ግልጽ ናቸው፦ ማን እንደሆንን አይታወቅም፣ ፊታችን አይታይም፣ የተናገርነው ያስከተለውን ስሜት ቆመን ማየት የለብንም። አንዱ ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። የማናውቀው ሰው የጻፈውን ስናነብ ድምፁን የምንሰጠው እኛ ነን። ደክሞን ወይም ተበሳጭተን ከሆነ ጽሑፉ በንቀት ድምፅ ይነበበናል፤ ከዚያም ለዚያ እኛው ለፈጠርነው ድምፅ መልስ እንሰጣለን።

ችግሩ ከጸሐፊውም ወገን አለ። ጀስቲን ክሩገርና ኒኮላስ ኤፕሊ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2005 ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎች የምርና የምፀት ዓረፍተ ነገሮችን ለሌላ ሰው እንዲያስተላልፉ ተደርጎ ነበር፤ ገሚሱ በድምፅ፣ ገሚሱ በኢሜይል። ላኪዎቹ በሁለቱም መንገድ ከአሥሩ ወደ ስምንት የሚጠጋው በትክክል እንደሚገባ ገምተዋል። በድምፅ የተላከው ከግምታቸው ብዙም አልራቀም። በኢሜይል የተላከው ግን በትክክል የተገባው ከግማሽ ጥቂት ከፍ ያለው ብቻ ነው፤ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም አይሻልም። ጸሐፊው ሲጽፍ የራሱን ድምፅ ስለሚሰማ፣ አንባቢውም የሚሰማው ይመስለዋል።

እነዚህ ሁለት ነገሮች ሲገናኙ የሚሆነውን ቀረብ ብለን እንየው። አንድ አዲስ ሰው «ኮምፒውተሬ ገና ከመክፈቴ በጣም ይሞቃል፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ይጠይቃል። አንድ ነባር አባል ከሥራው መሀል ብቅ ብሎ «ይሄ እኮ ስንቴ ተመልሷል» ብሎ ይጽፋል። ምናልባት መፈለጊያውን ተጠቀም ማለቱ ነው። ጠያቂው የሚሰማው ግን ዘለፋ ነው፤ «ካልፈለግክ አትመልስ፣ ማን ለመነህ?» ይላል። ሦስተኛው ሰው ይገባና «ግሩፑን ያበላሹት እንዲህ ዓይነቶቹ ናቸው» ይላል። አራተኛው ነባሩ አባል ባለፈው ዓመት በሌላ ጉዳይ የጻፈውን በስክሪንሾት ያመጣል። አሁን ስለ ኮምፒውተሩ የሚያወራ ሰው የለም።

ወሬው የሄደበትን መንገድ ልብ በሉ። መጀመሪያ ስለ ጉዳዩ ነበር፣ ከዚያ ስለ አነጋገሩ ሆነ፣ ከዚያ ስለ ሰውየው፣ በመጨረሻ ስለ ሰውየው የድሮ ታሪክ። አድሚን ዓይኑን መጣል ያለበት ወሬው ከተባለው ነገር ወደ ተናጋሪው የሚሻገርበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ ላይ ከተያዘ አንድ ቀላል ማሳሰቢያ ይበቃዋል፤ ስክሪንሾቱ ከመጣ በኋላ ግን ምንም ቢደረግ የሚቀየም ሰው አይጠፋም። የነባሩ አባል የመጀመሪያ መልስ እንኳ ሐሳቡ ሳይቀየር «ከዚህ በፊት በደንብ የተመለሰ ነው፣ ሊንኩ ይኸውልህ፤ እሱን ሞክረህ ካልሆነ ምን እንደሚል ጻፍልን» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ደግሞም ከወራት በኋላ ያው ችግር የገጠመው ሰው ሲፈልግ የሚያገኘው ስድብ ሳይሆን ሊንክ ይሆናል።

ነገር ቆስቋሽ የሆነ የተለየ የሰው ዘር አለ የሚለው እምነትም መፈተሽ አለበት። የስታንፎርድና የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 ባቀረቡት ሥራ ሰዎችን መጀመሪያ ቀላል ወይም አስቸጋሪ ፈተና አስፈትነው፣ ከዚያ አንድ ጽሑፍ አንብበው አስተያየት እንዲሰጡ አደረጉ። ለአንዳንዶቹ ከላይ የሚታዩት ኮሜንቶች የስድብ፣ ለሌሎቹ መደበኛ ነበሩ። ፈተናው አበሳጭቷቸው ከላይ ስድብ ያዩት ሰዎች፣ ደህና ስሜት ላይ ሆነው ደህና ኮሜንት ካዩት ጋር ሲነጻጸሩ የሚያስቀይም ነገር የጻፉት በእጥፍ ገደማ ነበር። ሁሉም ተራ ሰዎች ናቸው። ከዚህ የምረዳው፣ ከአንድ ፖስት ሥር የሚቀመጡት የመጀመሪያዎቹ ኮሜንቶች ከኋላ ለሚመጣው ሁሉ መንገድ ይጠርጋሉ። ጊዜ የሚያጥረው አድሚን ያለችውን ጊዜ እዚያ ላይ ቢያውላት ይሻላል።

«ሁሉም ሰው በእውነተኛ ስሙ ይጻፍ፣ ያኔ ያፍራል» የሚሉ ብዙ ናቸው። ደቡብ ኮሪያ ይህን በሕግ ሞክራዋለች። በ2007 ትልልቅ ድረ ገጾች ላይ አስተያየት የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ ማንነቱን እንዲያረጋግጥ ግዴታ ተጣለበት። ስድቡ የተጠበቀውን ያህል አልቀነሰም። በ2011 ግን ከአንድ ትልቅ የኢንተርኔት ኩባንያ የ35 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች የግል መረጃ በጠላፊዎች ተሰረቀ፤ በ2012 የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሕጉን በሙሉ ድምፅ ሻረው። በስማቸውና በፎቷቸው የሚሳደቡ ሰዎችን ሁላችንም አይተናል። ሰውን የሚገታው የመታወቂያ ስሙ ሳይሆን እዚያ ቦታ ላይ ያፈራው ነገር ነው። ለዓመታት በአንድ የብዕር ስም ሰው የረዳ አባል ያን ስም ማጉደፍ አይፈልግም። ትናንት የተከፈተ አካውንት ግን የሚያጣው ነገር የለም፤ ብዙ ቦታዎች አዲስ አባል ለጥቂት ቀናት ሊንክ እንዳይለጥፍ ወይም ጽሑፉ አስቀድሞ እንዲታይ የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

አዲስ ሰው ደንቡን ከየት ይማራል?

ጉዳዩ ከኢንተርኔት ውይይት ጋር እኩል ዕድሜ አለው። ዩዝኔት የተባለው የውይይት መረብ በ1979 በዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በነበሩት ቶም ትረስኮትና ጂም ኤሊስ ተፀነሰ። ተጠቃሚዎቹ በብዛት የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ስለነበሩ በየዓመቱ መስከረም ላይ አዲስ ተማሪዎች ይጎርፉ ነበር። ደንቡን አያውቁም፤ ነባሮቹ ይገሥጿቸዋል፣ ያስተምሯቸዋል፣ በአንድ ሁለት ወር ውስጥ ይለምዳሉ። ከ1993 መስከረም ወዲህ ግን በሩ ለተራው ተጠቃሚ እየተከፈተ ሄደ፤ ብዙም ሳይቆይ ኤኦኤል የተባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት አገልግሎት ኩባንያ ለደንበኞቹ ሁሉ ከፈተው። አዲስ ሰው በየቀኑ መምጣት ጀመረ፣ አስተማሪው ከተማሪው አነሰ። ነባሮቹ ያን መስከረም «የማያልቀው መስከረም» ሲሉት ቀሩ። የደንብ ትምህርት በቃል ከሰው ወደ ሰው ብቻ ሊተላለፍ እንደማይችል የታወቀው ያኔ ነው።

በጥቅምት 1995 የኢንቴል ባልደረባ የነበረችው ሳሊ ሃምብሪጅ ያዘጋጀችው የኢንተርኔት ጨዋነት መመሪያ ወጣ። አንዳንዱ ምክር ዛሬ አርጅቷል። ሌላው ግን ለዛሬ የተጻፈ ይመስላል፦ ስሜት ውስጥ ሆነህ የጻፍከውን መልስ ሳትልከው አሳድረው፤ ሁሉንም በትልልቅ ፊደላት መጻፍ እንደ መጮህ ይቆጠራል፤ አዲስ ቦታ ስትገባ ከመጻፍህ በፊት አንድ ሁለት ወር እያነበብክ ባሕሉን ልመድ። የመጨረሻውን ምክር ዛሬ የሚጠብቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ አንድ ሁለት ቀን እንኳ ቢነበብ ግን ልዩነቱ ይታያል።

ደንብ መኖሩ ብቻ በቂ አይደለም፤ ማንም የማይከፍተው ገጽ ላይ ከተደበቀ እንደሌለ ነው። በዚህ ላይ ካነበብኳቸው ሁሉ ልቤን የነካው የተመራማሪው የናታን ማቲያስ ሙከራ ነው፤ ውጤቱ በ2019 ታተመ። ቦታው ሬዲት በተባለው የውይይት ድረ ገጽ ላይ ያለ፣ ያኔ ከ13 ሚሊዮን በላይ ተከታይ የነበረው የሳይንስ መወያያ ነው። በ2,190 ውይይቶች ላይ በዕጣ እየተለየ በአንዳንዶቹ አናት ላይ የቤቱን ደንብ የሚናገር መልእክት ተሰካ፣ በሌሎቹ አልተሰካም። ደንቡ በተሰካባቸው ላይ ደንብ አክብረው የጻፉ አዲስ ሰዎች ከ8 የመቶኛ ነጥብ በላይ ጨመሩ። ይህ ይጠበቃል። ያልተጠበቀው ሌላው ነው፦ ሊጽፉ የገቡት አዲስ ሰዎች ቁጥር በአማካይ በ70 በመቶ ጨመረ። ደንብ ሰው ያርቃል ብለው የሚፈሩ አድሚኖች ይህን ውጤት ደጋግመው ማንበብ አለባቸው። ለዝምተኛው ሰው ግልጽ ደንብ «እዚህ ብትጽፍ ማንም አይዘልፍህም» የሚል ቃል ነው።

ደንቡ ታዲያ አጭር ይሁን። «ጨዋ ሁኑ» ማለት ምንም ማለት አይደለም፤ ሁሉም ራሱን እንደ ጨዋ ነው የሚያየው። «ሐሳቡን ተቹ፣ ሰውየውን ተዉት»፣ «የሌላ ሰው ስልክ፣ አድራሻም ሆነ የኢንቦክስ መልእክት ያለፈቃዱ አይለጠፍም»፣ «ማስታወቂያ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ» የሚሉት ግን የሚለኩ ናቸው፤ አንባቢውም ተጣሱ አልተጣሱ ብሎ በራሱ ዓይን ሊፈርድ ይችላል።

ዊኪፒዲያ በዚህ ረገድ ብልህ የሆነ ደንብ አለው። ሁለት አርታኢዎች አንዱ የጻፈውን ሌላው እየሰረዘ ሲጓተቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ገጽ ላይ ከሦስት ጊዜ በላይ የሌላውን ሥራ የሻረ ሰው ሊታገድ ይችላል። በዋናው ክርክር ማን ትክክል እንደነበር አይጠየቅም፣ «እኔ እኮ ልክ ነበርኩ» ማለትም ከእገዳው አያድንም። ደንቡ የሚለካው ድርጊቱን ስለሆነ አድሚኑ የታሪክ፣ የሕክምና ወይም የፖለቲካ ሊቅ መሆን አይጠበቅበትም።

ከማጥፋት በፊት ያሉ መሣሪያዎች

ብዙ ሰው የአድሚን ሥራ ማጥፋትና ማባረር ይመስለዋል። ሁለቱም የመጨረሻዎቹ ናቸው። በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ኤሊኖር ኦስትሮም ሰዎች የጋራ የሆነን ነገር፣ የግጦሽ መሬትን፣ የመስኖ ውኃን፣ የዓሣ ሐይቅን፣ ሳያጠፉ ለትውልድ እንዴት እንደሚያቆዩ ስታጠና ካገኘቻቸው ነገሮች አንዱ፣ ረጅም ዕድሜ ያላቸው ማኅበረሰቦች ቅጣታቸው ደረጃ በደረጃ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ጥፋት ቀላል ነገር ያስከትላል፣ ሲደጋገም ይከብዳል። የኢንተርኔት ውይይትም የጋራ ሀብት ስለሆነ ይኸው ይሠራበታል።

በተግባር ሲታይ፣ መጀመሪያ በኢንቦክስ አጭር ማሳሰቢያ ይላካል፤ ሰው በአደባባይ ሲገሠጽ ለክብሩ ሲል ይከራከራል፣ ለብቻው ሲነገረው ግን ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ውይይቱ ከጋለ ቴሌግራምን የመሰሉ መተግበሪያዎች በ«ቀስ በል» ማስተካከያ አንድ ሰው ከአንዱ መልእክት እስከ ቀጣዩ ከሰከንዶች እስከ አንድ ሰዓት እንዲጠብቅ ያደርጋሉ። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። ማንንም ዝም አያሰኝም፣ ማንንም አይለይም፤ የሚነካው ፍጥነቱን ብቻ ነው፤ ንዴት ደግሞ ያለ ፍጥነት ብዙ አይራመድም። ከዚያ በኋላ ውይይቱን መቆለፍ፣ አንድን ኮሜንት ማንሣት፣ አባሉን ለጥቂት ቀናት ማገድ፣ በመጨረሻም ማስወጣት ይመጣል። ለስፓም (በገፍ ለሚለጠፍ ያልተፈለገ ማስታወቂያ) እና ለማስፈራሪያ ግን ደረጃ አያስፈልግም፤ ወዲያው ይነሣሉ።

ኮሜንት ሲነሣ ምክንያቱ መነገር አለበት። ይህን ከርኅራኄ ብቻ ተነሥቼ አይደለም የምለው። ሹበም ጀቨርና ባልደረቦቹ በ2019 ባሳተሙት ጥናት በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የሬዲት ጽሑፎችን መርምረው፣ ጽሑፉ ለምን እንደተነሣ የተነገረው ሰው ወደፊት የሚጽፈው የመነሣት ዕድሉ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። «ደንብ ስለጣስክ ተነሥቷል» የሚለው ግን ምክንያት ተብሎ አይቆጠርም። ይህን አወዳድሩ፦ «ስለ መድኃኒቱ ያነሣኸው ጥያቄ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን መጨረሻ ላይ መላሹን ‹ደንቆሮ› ስላልከው ኮሜንቱን አንሥተነዋል። ያን ቃል አውጥተህ መልሰህ ለጥፈው።» ሰውየው ምን እንዳጠፋ፣ ምን እንዳላጠፋና በሩ አሁንም ክፍት መሆኑን በአንድ ጊዜ ያውቃል።

አንዳንድ ቦታዎች ጽሑፉን ለጸሐፊው እንዲታየው፣ ለሌላው ግን እንዳይታይ አድርገው በድብቅ ይደብቁታል። ለስፓም ሮቦት ተገቢ ሊሆን ይችላል። ሰው ላይ ሲደረግ ግን እቃወመዋለሁ። ሰውየው ለባዶ ቤት እያወራ ሳምንታት ይቆያል፣ ምን እንዳጠፋም አይማርም፤ ሲታወቅ ደግሞ ጥፋት የሌለባቸው አባላት ሁሉ «የእኔስ ጽሑፍ ለሌላው ይታይ ይሆን?» ብለው መጠርጠር ይጀምራሉ።

በጨዋ ቋንቋ የሚመጣ ጥፋት

ከባዱ ጉዳይ ስድብ አይደለም። ስድብ ለማንም ይታያል፣ ፕሮግራምም ሊይዘው ይችላል። ከባዱ ያለ አንድ መጥፎ ቃል ሰውን የሚያደክም ሰው ነው። «ማስረጃ አለህ?» ይላል፣ ይሰጠዋል። «ይሄ ምንጭ ታማኝ ስለመሆኑስ?» ይላል፣ ይብራራለታል። «ቅር አይበልህና፣ መጀመሪያ ያልኩትን አልመለስክልኝም» ይላል። ሌላ ፖስት ሥር ተከትሎ ሄዶ «ያን ጥያቄ ዛሬ ትመልስልኛለህ?» ይላል። በመጨረሻ ተከራካሪው ትዕግሥቱ አልቆ ሲቆጣ፣ «አያችሁ፣ እኔ በትሕትና ጠየቅኩ፣ እሱ ነው የተሳደበው» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል። ቃላትን ብቻ የሚያይ አድሚን የተቆጣውን ይቀጣል።

እዚህ ላይ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ለየብቻ መዳኘት አይረዳም፤ መታየት ያለበት የድርጊቱ አካሄድ ነው። ጠያቂው ለተሰጠው መልስ አንድ ጊዜም ዋጋ ሰጥቶ ያውቃል? ሐሳቡን ያስቀይር የነበረው ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሆነ ተጠይቆ መልሷል? ሰውየውን ከአንዱ ውይይት ወደ ሌላው ተከትሎታል? ሦስተኛው ከሆነ የቃላቱ ጨዋነት ነገሩን አይለውጠውም፤ ሰውን እየተከተሉ ማስጨነቅ ነው።

ይህ ሳንሱር አይደለም ወይ?

ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ፍርድ ቤቶችንም አስጨንቋል። በ1991 አንድ የኒውዮርክ ፍርድ ቤት ኮምፑሰርቭ የተባለው አገልግሎት የሰዎችን ጽሑፍ ሳይቆጣጠር ስለሚያሰራጭ ለይዘቱ አይጠየቅም አለ። በ1995 ደግሞ ሌላ የኒውዮርክ ፍርድ ቤት ፕሮዲጂ የተባለውን ተቀናቃኝ በተቃራኒው ተጠያቂ አደረገው፤ ፕሮዲጂ ለውይይቶቹ ደንብ አውጥቶ፣ መጥፎውን እያነሣ ስለሚሠራ እንደ አሳታሚ ይቆጠራል በሚል። የሁለቱ ውሳኔ ድምር አስገራሚ ነበር፦ ቤቱን ለማጽዳት የሞከረ ይቀጣል፣ ዝም ብሎ ያየ ያመልጣል። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1996 ባወጣው ሕግ ክፍል 230 ይህን ቀየረ፤ የውይይት መድረክ ባለቤት ሌላ ሰው ለጻፈው ነገር እንደ አሳታሚ አይቆጠርም፣ በቅን ልቦና ጽሑፍ በማንሣቱም አይከሰስም አለ። ዛሬ የምናውቃቸው ትልልቅ መድረኮች ያደጉት በዚህ ጥላ ሥር ነው። ሕጉ ለኩባንያዎቹ ከልክ ያለፈ ከለላ ሰጥቷል የሚሉ ጠንካራ ተቺዎች አሉት።

ሕጉ የሚፈቅደው ሁሉ ግን ተገቢ ነው ማለት አይደለም። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ አንድ ነው፦ ይኸው ሐሳብ ያለ ስድቡ፣ ያለ ማስፈራሪያው ተጽፎ ቢመጣ ይቆይ ነበር? ይቆይ ከነበረ የተነሣው አነጋገሩ ነው። ያኔም ይነሣ ከነበረ ሐሳቡ ታፍኗል ማለት ነው፣ አድሚኑም ይህን ደብቆ በጨዋነት ስም ማለፍ የለበትም። «እዚህ ስለ ፖለቲካ አንወያይም» ብሎ አስቀድሞ መናገር የቤቱ ባለቤት መብት ነው፤ የአንዱን ወገን እያነሡ የሌላውን መተው ግን አድልዎ ነው።

ጥላቻን የሚሰብክን ቦታ መዝጋትስ ይሠራል? «ወደ ሌላ ቦታ ይበተናሉ እንጂ አይለወጡም» ይባላል። ሬዲት በ2015 ሁለት ታዋቂ የጥላቻ መድረኮችን ዘጋ። በ2017 የወጣ ጥናት የተዘጉትን መድረኮች አባላት ተከትሎ ሲያይ፣ ከተጠበቀው በላይ ብዙ ሰው ሬዲትን ጥሎ ሄዷል፤ የቀሩት ደግሞ የጥላቻ ቃላት አጠቃቀማቸው ቢያንስ በ80 በመቶ ቀንሷል፣ የገቡባቸው ሌሎች መድረኮችም በዚያ ምክንያት አልተበላሹም። ከሬዲት ውጭ የሄዱት ምን ሆኑ የሚለውን ይህ አይመልስም። የሚያሳየው ግን ቦታው ራሱ የሰውን አንደበት እንደሚቀርጽ ነው።

ማሽኑና ሰውየው

ሥራውን ለፕሮግራም መስጠት ያጓጓል። በ1996 ኤኦኤል የስድብ ቃላትን የሚይዝ ማጣሪያ ነበረው። በእንግሊዝ ስካንቶርፕ የምትባል ከተማ አለች፤ በላቲን ሲጻፍ በስሟ መሀል የስድብ ቃል ፊደላት ተከታትለው ይገኛሉ። የከተማዋ ነዋሪዎች አካውንት መክፈት አቃታቸው። የዛሬዎቹ ማጣሪያዎች ከዚያ እጅግ የተሻሉ ናቸው፣ መሠረታዊው ችግር ግን አለ፦ የሰደበውን ሰውና «እንዲህ ብሎ ሰደበኝ» ብሎ አቤት የሚለውን ሰው መለየት ይከብዳቸዋል። ተሳዳቢው በፊደል መሀል ነጥብ አስገብቶ ሲያልፍ ተበዳዩ ይያዛል። ስለዚህ ማሽን ለስፓምና ለተደጋጋሚ ነገር፣ የሚያጠራጥረውን ደግሞ ለሰው እያቀረበ እንዲሠራ ማድረግ ይበጃል።

ሰውየውም ይደክማል። ፌስቡክ በ2020 በሥራቸው ላይ ባዩት አሰቃቂ ምስል የአእምሮ ጉዳት ደርሶብናል ላሉ የቀድሞ ይዘት ተቆጣጣሪዎች 52 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። በነፃ የሚሠራው የግሩፕ አድሚን እንዲህ ያለ ነገር ባያጋጥመውም፣ ሌሊት ስልኩን ከፍቶ ዛቻ ማንበብ የተለመደ ነገር ሆኖበታል። ተራ እየገቡ መሥራት፣ ዕረፍት መውሰድ፣ ዛቻውን ለብቻ ሳይይዙ ለባልደረባ ማሳየት ለሥራውም ለሰውየውም ያስፈልጋል። ለተጠቃሚው ደግሞ፣ ጥፋት ሲያይ ከተሳዳቢው ጋር ከመሰዳደብ ሪፖርት ቢያደርግ ለአድሚኑ ትልቅ እገዛ ነው።

አድሚኑ ሲሳሳት

ሥልጣን ያለው ሁሉ ይሳሳታል፣ ያደላልም። በጣም የተለመደው ስህተት አድሚኑ ራሱ ተከራካሪ ሆኖ ሳለ የተቃዋሚውን ኮሜንት ማንሣቱ ነው። በ1997 የተጀመረው ስላሽዶት የተባለ የቴክኖሎጂ ዜና መወያያ ድረ ገጽ ለዚህ ቀላል መፍትሔ ነበረው። ከተራ አንባቢዎች መሀል ለተመረጡት ኮሜንት የሚመዝኑበት ጥቂት ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ ነጥብ በሰጡበት ውይይት ላይ ራሳቸው ከጻፉ ግን እዚያ የሰጡት ነጥብ ይሰረዛል። ወይ ተከራከር ወይ መዝን ነው ነገሩ። ማንኛውም ግሩፕ ይህን ያለ ምንም ቴክኖሎጂ ሊያደርገው ይችላል፦ በክርክሩ የገባ አድሚን ለሌላ አድሚን ያስረክባል።

ሁለተኛው ነገር ይግባኝ ነው። ከየካቲት 2024 ጀምሮ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ መድረኮች ጽሑፍ ሲያነሡ ምክንያቱን ለጸሐፊው እንዲገልጹ ያስገድዳል፤ ትናንሽ ኩባንያዎች ከይግባኝ ግዴታው ነፃ ናቸው፣ ሌሎቹ ግን ቅሬታ ሲቀርብላቸው በማሽን ብቻ ሳይወስኑ ሰው እንዲያየው ማድረግ አለባቸው። ለትንሽ ግሩፕ ይህ ማለት ቅሬታውን ጽሑፉን ያነሣው አድሚን ሳይሆን ሌላኛው ይየው ማለት ነው። ቅሬታ የሚያቀርበውም ሰው ሊያግዝ ይችላል፤ «እናንተ አድሎኞች ናችሁ» ከማለት «ማክሰኞ ማታ ስለ ኪራይ ውል የጻፍኩት ተነሥቷል። የትኛውን ደንብ እንደጣሰ አልገባኝም፤ ከእኔ በላይ ያለው ኮሜንት ተመሳሳይ ቃል ተጠቅሞ ቆይቷል» ቢል፣ የሚያየው ሰው ምን ማወዳደር እንዳለበት ያውቃል።

ስህተት ከሆነ ደግሞ ጽሑፉን በዝምታ መመለስ አይበቃም። ሲነሣ ያየው ሰው ብዙ ነው፤ ጸሐፊው ጥፋተኛ እንደሆነ አስቦ የሄደም አለ። እዚያው ውይይት ሥር «ይህ አስተያየት በስህተት ተነሥቶ ነበር፣ ደንብ አልጣሰም፣ ተመልሷል» ብሎ መጻፍና ለአንድ ቀን ከላይ ሰክቶ ማቆየት ያስፈልጋል።